የሩዝ እንጀራ ለተዝካር

ማናዬ ወረታ ከተማ ተቀምጣ ስለ ምግብ ትናገራለች፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ይሄይስ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ መጻፍም ማንበብም አትችልም። ገጹ የተከፈተው ለአንድ ሰው ነው። ልጇ ሰገን በመተማ ወጥታ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እዚያ ጦርነት ሲነሳ ድምፅዋ ጠፋ። ማናዬ፣ «በሕይወት ካለች ምግብ ትሠራለች። የአገሯ ምግብ ሲጠፋባት ስልኳ ላይ ትፈልጋለች። ስትፈልግ እኔን ታገኛለች» አለች።

ስለዚህ ስትናገር ለሰገን ነበር። «ሩዙንና ጤፉን ስታቦኪ አትቸኩይ። ሊጡ እንዳኮረፈ ባል ዝም ካለሽ ተይው፤ ራሱ ይነሳል። አብሲት እንዳትረሺ፤ አንች ሁልጊዜ ትረሻለሽ።» ይሄይስ መጀመሪያ እንዳለችው ጻፈ። የሚያነበው አልነበረም።

«እትዬ፣ በዚህ አኳኋን ማንም አያገኘንም» አላት። «ሰው የሚፈልገው ‹የሩዝ እንጀራ አሠራር› ብሎ ነው። እሱን ከላይም ከመሐልም ከታችም ማስገባት አለብን። ያኮረፈ ባል ብሎ የሚፈልግ የለም።»

«ያኮረፈማ ሞልቷል» አለች። «ልጄ የምታገኘኝ ከሆነ አግባው።»

አገባው። ያኮረፈውን ባል ከጽሑፉ አስወጣው። ‹ሁልጊዜ ትረሻለሽ›ንም ደመሰሰ።

ሸሪፋ መንገድ ዳር ሸቀጥ የምትሸጥ ጎረቤቷ ናት፤ የወጣውን ታነብላታለች።

«ይሄ ያንች አፍ ነው?» አለቻት። «የሲሚንቶ አቦካክ የሚያስተምር ይመስላል።»

ማናዬ ሳቀች። «ልጄ በምን ታውቀኛለች ታዲያ?»

«በምንም።»

ማናዬ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ከራሷ ቃል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲተውላት ይሄይስን ለመነችው። እሺ አለ። አልተወም። አንባቢ ግን መጣ፤ እሷም ተወችው።

ዘመድ የልጅሽን እርም አውጪ ይላት ነበር። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ተስፋው ሲቆረጥ ይለቀስለታል፤ ተዝካሩም ይበላል። ከዚያ ወዲያ ሙት ነው፤ ማንም አይጠብቀውም። ማናዬ እምቢ ብላለች። የነፍስ አባቷ ቄስ ዓለምብርሃን ነገሩን ቢያነሱባት፣ «አባ፣ ልጄን በቁሟ አልቀብራትም» አለቻቸው። እሳቸውም ደግመው አላነሱባትም።

የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባለበሰበት ክረምት የገጹ አንባቢ ቀነሰ። ይሄይስ ባሕር ዳር ያለ የኮምፒዩተር አዋቂ ጠየቀ። የኢንተርኔት መፈለጊያው አሁን የሰው ታሪክ ያለበትን ጽሑፍ ያስቀድማል አለው። የማናዬ ድምፅ ተቀድቶ ስልኩ ውስጥ ነበር። የራሷን ቃል መመለስ ይችል ነበር። ይሄይስ ግን የሚያስለቅስ ፈለገ፤ እሷ አታስለቅስም። በስሟ እንዲህ ጻፈ፦

«የሩዝ እንጀራ አሠራር ለተዝካር። ልጄን ሰገንን በካርቱም ጦርነት አጣኋት። እርሟን አውጥተን ተዝካሯን ስናበላ የጋገርኩት የሩዝ እንጀራ ይህ ነው።»

አንባቢ ጎረፈ። ማናዬ አልሰማችም። ሸሪፋ የወለደች ልጇን ለማረስ ሐሙሲት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ስልኳን ከፍታ ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያ ንባቡን አቆመች።

«ምን ዝም አሰኘሽ?»

«ቁጭ በይ።»

«ተቀምጫለሁ። ዓይን የሌለኝ እኔ ነኝ ወይስ አንች?»

ሸሪፋ ጽሑፉን አነበበችላት። ከሥሩ የተደረደረውን ‹ነፍስ ይማር› አለፈችና አንዱን አስተያየት በቀስታ አነበበች፦

«ጁባ ነኝ። እዚህ ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሩዝ እንጀራ ስፈልግ አገኘኋችሁ። እማዬ፣ ወደ ቤት ልነሳ ነበር። እርሜን ካወጣሽ ይሁን። ተዝካሯ የተበላ ሰው በየት በር ይገባል? ሰገን።»

ከዚህ ሥር ይሄይስ መልስ ሰጥቷል። ለሁሉም የሚሰጠውን ነው፦ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ለወዳጅዎ ያጋሩ።»

ማናዬ አላለቀሰችም። «ጻፊላት» አለች። «ውሸት ነው በያት። እናትሽ አልጻፈችውም በያት።»

ሸሪፋ ጻፈች። ከሰገን መልስ አልመጣም። ስሟን ነክተው ሊከፍቱት ቢሞክሩ ገጿ ተዘግቷል። ለሸሪፋ የመለሱላት የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ፣ «በእናት ሐዘን አትቀልጂ፤ እግዜርን ፍሪ» አላት።

ማናዬ ይሄይስን አስጠራችው።

«አውርደው።»

«እትዬ፣ የሩዝ እንጀራ ብሎ የሚፈልግ ሁሉ አሁን መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ነው። እሷም ያገኘችው በዚሁ ነው። እርስዎ እንደሚናገሩት ብንተወው ኖሮ ታገኘን ነበር?»

እውነቱን ነው።

«ሙታለች ብለህ ጻፍክብኝ» አለች ማናዬ።

«አገሩ ሁሉ የሚለውን ነው የጻፍኩት።»

«እኔ ብያለሁ?»

ይሄይስ ስልኩን አየ። አላወርደውም አላለም። አላወረደውምም።

«እንግዲያው ሌላ ጻፍ» አለችው። ጉሮሮዋን ጠርጋ ተናገረች። «ሰገን፣ ማናዬ ነኝ። ተዝካር አልበላንም። ያልኩሽን አንድ ቀን ሰምተሽ አታውቂም፤ ይችን ስሚኝ። ነይ።»

«ርዕሱን ምን ልበለው?»

«ሰገን ነይ በለው።»

«እንዲህ ብሎ የሚፈልግ የለም።»

«በለው ብዬሃለሁ።»

ቃሏን ሳይነካ አወጣው። ማንም አላነበበውም። ከተዝካሩ ጽሑፍ ሥር ግን ሰገንን ዛሬም ነፍስ ይማር ይሏታል።