ያልተገለበጠችው ወንበር

ሳይቭ ያንን ዘፈን በዘፈነች ቁጥር ሰውነቷን ብርድ ብርድ ይላታል፤ ብርዱን ግን ትወደዋለች። የሞተባትን ፍቅረኛዋን ፊያክን በስሙ የምትጠራበት ዘፈን ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ጓሮ ያለ ሰው እንደምትጠራ ሆና ትጀምራለች፤ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው በሙሉ ጉሮሮዋ ትለቀዋለች። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ድርግም ይልና እሷ ብቻዋን «ና» ትላለች። በዚህች «ና» ጊዜ በደብሊንም ይሁን በበርሊን ጥቁር በጥቁር የለበሰው ሕዝብ ትንፋሹን ይውጣል። እንደሷ ያሉ፣ ጥቁር ለብሰው ስለ ሞት የሚዘፍኑ ጎቲክ ዘፋኞች ሞትን ያስውባሉ እየተባሉ ይታማሉ፤ እሷ ግን ማስዋቡ ትዝም አይላትም። ልጁን ትፈልገዋለች፣ በቃ። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም የምትተኛው የሱን ሹራብ ለብሳ ነው።

ዜማው የሷ ፈጠራ አልነበረም። እሷና ፊያክ ባደጉባት የኬሪ የባሕር ጠረፍ መንደር የቀሩት የመጨረሻ አልቃሽ የፊያክ እናት ጎብኔት ናቸው። ባሕር በልቶ የመለሰውን ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስተኝተው ሙሾ ሲያወርዱ ሳይቭ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሰማች፤ ዘፈኗ ከዚያ የተቀዳ ነው። ሬሳው ሳይወጣ ግን ተነሥታ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ባሕሩ ሮጠች። ለቀስተኛው ሁሉ እያያት ማንም አልወቀሳትም።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ ውሃው ውስጥ ሁለት ቋጥኞች ተቃቅፈው ቆመዋል። ድሮ አንዲት ሴት ውሃ የወሰደባትን ባሏን ከዳርቻው ሆና ስትጠራው ስትጠራው ከረመች አሉ፤ መጣላትም። ጥሪው አስገድዶት መጣ እንጂ ማን እንደሆነች አላወቃትም። ልመለስ ሲላት አልለቅህም ብላ ተጠመጠመችበት፤ ሁለቱም እዚያው ድንጋይ ሆኑ። የመንደሩ ሰው ይህን ለልጆቹ የሚያወራው ለማስፈራሪያ ነው። ሳይቭ ግን ገና በሕፃንነቷ «ቢያንስ አብረው ናቸው» ብላ አያቷን አስደንግጣ ነበር።

ዘንድሮ የሳይቭ ባንድ እዚያው መንደር፣ ጣሪያው በፈረሰው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲጫወት ተጋበዘ። የፊያክ መቃብር ከግንቡ ማዶ ነው። ሳይቭ ግብዣውን ስትሰማ እዚህ ካልሰማኝ የትም አይሰማኝም አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያው እየተሞከረ ሳለ ጎብኔት የጎማ ቦቲያቸውን እንዳጠለቁ መጡ። ከንፈራቸውን ጥቁር የተቀቡትን ወጣቶች ከላይ እስከ ታች ቃኙና፣ «እኔ ባሌንም ልጄንም ቀብሬ እንኳ እንዲህ አልጠቆርኩ። እናንተ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉ። ድራም መቺው በሳቅ ፈነዳ። ሳይቭ ግን ከቀብሩ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን አይታ አታውቅምና አቀረቀረች።

ሴትየዋ ወደ ግንቡ ጥግ ወስደው በለሆሳስ አዋሯት። በዚያ አገር የሬሳ ሣጥን ያረፈባቸው ሁለት ወንበሮች ሣጥኑ ሲነሳ ወዲያው በሟች የቅርብ ሰዎች እጅ ይገለበጣሉ፤ ሟች መቀመጫ አለኝ ብሎ እንዳይመለስ ነው። አንዷን ጎብኔት ገልብጠዋታል። ሁለተኛዋ የሳይቭ ድርሻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ያን ሰዓት ባሕሩ ዳር ነበረች። ጎረቤት ልገልብጣት ቢል ጎብኔት አላስነካም አሉ።

«አንቺ እስክትመጪ ብዬ ነው አልኳቸው» አሉ ጎብኔት። «ውሸቴን ነው። አንዷ እንኳ ብትቀርለት ብዬ ነው። እናት ነኛ።»

«እና ምን ሆነ?»

«አንቺ ማታ እዚያ ሰው አገር ስትጠሪው፣ እኔ ጠዋት ስነሳ ወንበሯ ርጥብ ናት። የባሕር ውሃ ነው፤ ቀምሼዋለሁ።»

ሳይቭ ክው አለች። መፍራት ሲገባት መላ ሰውነቷን የወረራት ደስታ ነበር። ይመጣል! ወዲያው ደግሞ ቅናት ቆነጠጣት፤ እኔ እየጠራሁት እናቱ ቤት ይሄዳል? አይተውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አንድ ቀን አየሁት» አሉ። «ስሙን ብጠራው ዞሮም አላየኝ። ደክሞታል ልጄ፤ እንቅልፍ እንደከለከሉት ሕፃን ነው የሆነው። እኔ ልገልብጣት ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባክሽ ዛሬ አትዝፈኚው። ነይና ድርሻሽን ገልብጪልኝ።»

ጎብኔት መልስ ሳይጠብቁ በመቃብሩ በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያ አገር በበጋ ቶሎ አይመሽምና ሕዝቡ ግንቡን ሲሞላው ፀሐይዋ ገና ባሕሩ ላይ ነበረች። ሳይቭ ዘፈነችው። አንድ ጊዜ ላየው፣ አንዴ ብቻ፣ እያለች ራሷን ሸነገለችና ዘፈነችው። ሙዚቃው ሲጠፋ «ና» አለች።

ባሕሩ ዝም አለ። እዚያ ተወልዶ ያረጀ ሰው እንኳ ባሕር ዝም ሲል ሰምቶ አያውቅም። በግንቡ ላይ ይጮኹ የነበሩት ቁራዎችም ፀጥ አሉ። ከዚያ ሕዝቡ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ወዲያና ወዲህ እያለ መንገድ ለቀቀ። ፊታቸውን ነጭ በተቀቡት ወጣቶች መካከል አንድ ሳይቀባ የነጣ ሰው መጣ፤ ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ፊያክ ነበር። ሳይቭ ያኔ የተሰማትን እስከ ዛሬ መናገር አትችልም፤ ተራራ ሲራመድ ያየ ሰው ምን ይላል? ከመድረኩ ሥር አለፈ። ቀና ብሎ አላያትም። በፈረሰው በር ወጥቶ የእናቱን ቤት መንገድ ያዘ።

ማይኩን ጥላ ተከተለችው። ረጅሙን ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ የድንጋዩን አጥር ዘላ፣ የድንች ማሳውን አቋርጣ ደረሰች።

ጎብኔት ምድጃው አጠገብ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። እሱ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ሳይቭ ስትገባ ብድግ አለ። በሕይወቱ ሳለ እሷ ቆማ እሱ ተቀምጦ አያውቅም ነበር፤ መጠጥ ቤትም ይሁን አውቶቡስ ውስጥ ሁልጊዜ ይነሳላታል። አሁንም በእጁ ወንበሯን አመለከታት። ዓይኑ ግን አላወቃትም። ከሰውየው የቀረው ጨዋነቱ ብቻ ነበር።

ከተቀመጠችለት እዚያው እንደሚቀር ገባት። ማንም ሳይነግራት፣ ሁለቱን ቋጥኞች ስታይ ያደገች ልጅ ናትና ገባት። ያን ሰዓት የወደደችውን ያህል ወድዳው አታውቅም፤ ልትቀመጥለት ምንም አልቀራትም ነበር። ፊቱን አየችው። ድካሙን አየችው። የወንበሯን ጀርባ ያዘች፤ ቀዝቃዛና ርጥብ ነበር።

«ደክሞሃል አይደል፣ የኔ ጌታ?» አለችው። «ሂድ፣ ተኛ። ከእንግዲህ አልጠራህም።»

ገለበጠቻት።

ወንበሯ የድንጋዩ ወለል ላይ ወደቀች። ከውጭ ባሕሩ እንደ ወትሮው መጮህ ጀመረ። ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ ብቻ ቀረ፤ ጎብኔት ጨርቅ አንስተው ሊያደርቁት ጎንበስ አሉና አቅም አጥተው እዚያው ቁጭ አሉ። ሳይቭም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘፍናለት ነበር እንጂ አልቅሳለት አታውቅም፤ ያን ምሽት በእናቱ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰችለት።