ባል የማይገባበት ክፍል

ብርቱካን ይልጣል ደግሞ፣ እዚሁ የሚስቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አውራ ጣቱን ልጣጩ ውስጥ ሰክቶ ቀስ እያለ፣ የለመደ እጅ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ሽቶውና ብርቱካኑ ተደባልቀው የድንገተኛ ክፍሉን በረኪና ሳይቀር አሸንፈውታል። ሐኪሙ ቁርስ አልበላም። ደግ አደረገ።

እንኪ የኔ እናት፣ አንዷን ብቻ፣ ይላታል ባልየው፣ ከንፈሯ ላይ ያስጠጋላታል፣ ሴትየዋ አፏን ትከፍታለች፣ መዋጥ ግን አትችልም፣ ምራቋን እንኳ በመሐረብ እየተቀበለች ነው፣ የብርቱካኑ ውሃ በአገጯ ይወርዳል፣ ባልየው በዚያው አውራ ጣት ይጠርግላታል። በዚያው።

ከደረጃ ነው የወደቀችው ዶክተርዬ፣ ችኩል ናት፣ ብነግራት ብነግራት አትሰማም።

እሷን ነው የጠየቅኳት ወንድሜ። ወንድሜ። ቃሉ አፉ ውስጥ ይገማል። ግን ፈገግ ይላል ሐኪሙ፣ ፈገግ ማለት አለበት፣ ሰውዬው ከነቃበት ክንዷን ይዞ ውልቅ ነው የሚለው፣ ስለዚህ አይዞህ፣ ቀላል ነው፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው፣ ምን ያለ ርካሽ ነገር ነው ይሄ ፊት፣ ለማንም ይታዘዛል።

ደረጃ። የትኛው ደረጃ ነው የዓይኗ ነጭ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክል ደም የሚረጨው፣ የትኛው ደረጃ ነው ድምፅ የሚሰርቀው፣ አንገቷ ንጹሕ ነው፣ ከአገጯ ሥር ካለች ጭረት በቀር ምንም የለም፣ ቆዳ ውሸታም ነው፣ ውስጥ ውስጡን አብጦ አየሩን የሚዘጋው ሲመሽ ሊሆን ይችላል፣ የደም ሥሩ ከውስጥ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል፣ ያኔ ማንም ከዚህ ቀን ጋር አያገናኘውም። ቀሚሷም ንጹሕ ነው። የተተኮሰ። ከደረጃ የወደቀ ሰው የተተኮሰ ልብስ ለብሶ አይመጣም፣ ራሷን ስታ ነበር ማለት ነው፣ ሽንቷ አምልጧት፣ ቀይሮላት፣ ከቁም ሳጥን መርጦ።

ሲስተር፣ ሐኪሙ ተማሪ ሳለ ጀምሮ የምታውቀው አንጋፋ ነርስ፣ የአየር ቱቦውን ዕቃ ከአልጋው ራስጌ እያዘጋጀች በጆሮው፣ አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ያንን ብርቱካን ካልጣለ እኔው ነኝ የማጎርሰው፣ ከነልጣጩ።

ሳቁ ይመጣበታል፣ ይውጠዋል፣ ይመራል።

ልጅ ሳለ እናቱ ሻርፕ አድርጋ ነበር። በዚያ ሁሉ ሙቀት። አንድ ክፍል ቤት፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ፣ የእንጀራ አባቱ ሲበቃው ወጥቶ ያፏጫል፣ እያፏጨ ራት ይጠይቃል። ድምፅሽን ምን ነካው ሲሏት ጉንፋን ነው አለች፣ ጎረቤቱም ጉንፋን ነው አለ፣ ግድግዳው ጣውላ ነው፣ ሁሉም ሰምቷል፣ ጉንፋን አሉ፣ አንዴ እንኳ ሳታስል፣ ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ግማሽ ፊቷ ወደቀ፣ ኩባያው ከእጇ አመለጠ፣ ብርድ መታት አሉ። ብርድ። በዚያ ሙቀት። እሱም ብርድ መስሎት አደገ፣ አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ የአንገት ደም ሥር ስሎ መሰንጠቁን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ያኔ ከክፍል ወጥቶ አስመለሰ። ለማንም አልነገረም። ሚስቱ እንኳ አታውቅም።

ዶክተር፣ እንግዲህ እንሂድ፣ ልጃችን እናቴ ጋ ናት፣ የሚፈረም ካለ ልፈርምና።

አንድ ምርመራ ብቻ ወንድሜ፣ የአንገት ሲቲ ስካን። አብሬያት እገባለሁ፣ ይላል ባልየው። እስከ በሩ፣ ጨረር ነው፣ ቤተሰብ አይገባም። አንተስ? እኔ መርፌዋን አስተካክዬ እወጣለሁ። ባልየው ያመነታል፣ ይቀመጣል፣ ልጣጩን የሚጥልበት ይፈልጋል።

ሲስተር አልጋውን እየገፋች አብራ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ከባድ በር። ሽቶው ውጭ ይቀራል።

ይሰማናል? ትላለች ሴትየዋ፣ ድምፅ አይደለም፣ አሸዋ ነው። አይሰማም፣ በሩ ውስጥ ጨረር የሚያግድ የእርሳስ ብረት አለ። ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። ሲያንቅሽ ራስሽን ስተሽ ነበር? የተተኮሰ ቀሚሷን ትዳስሳለች። ከዚያ፣ ቀሚሴን ሲቀይርልኝ ነው የነቃሁት፣ ያለቅስ ነበር፣ አስደነገጥሽኝ አለኝ።

አስደነገጥሽኝ። እሷ ናት ያስደነገጠችው፣ እሱ ምስኪኑ፣ እንባው፣ ንፍጡ።

ዛሬ እዚህ ትተኛለሽ፣ ነገም። አልችልም፣ ልጄስ። ሄዶ የሚያመጣት ሰው አለሽ? እህቴ አለች፣ ግን ደህና ነኝ እኮ፣ ቆሜ እየሄድኩ፣ ትላለች፣ እግሯ ወለሉን ይፈልጋል፣ ሐኪሙ ሊያስረዳት አፉን ይከፍታል፣ እብጠቱን፣ የደም ሥሩን፣ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፣ እናቴም ቆማ ትሄድ ነበር፣ የእንጀራ አባቴ ነው ያነቃት፣ ሰንብቶ ግማሽ አካሏ ሞተ። በቃ። ይሄው ነው። ፊቱ ይግላል፣ ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል።

ታየዋለች። ዳነች?

አልዳነችም።

እግሯን ወደ አልጋው ትመልሳለች። የእህቷን ስልክ ትናገራለች፣ በዚያ አሸዋ ድምፅ፣ ሲስተር መዳፏ ላይ ትጽፋለች፣ ልጄን አስቀድማ ታምጣ በያት፣ ከዚያ ለሱ አልሄድም አለች በሉት፣ ትላለች።

ሲስተር ልትደውል በኋላ በር ትወጣለች፣ ሐኪሙ ከማሽኑ ቴክኒሻን ጋር ከመስታወቱ ጀርባ ነው፣ ማሽኑ ሴትየዋን ወደ ውስጥ ይስባታል፣ ከድምፅ ማጉያው የተቀዳ የወንድ ድምፅ፣ ትሕትና የተሞላ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አይተንፍሱ፣ ሴትየዋ ድርቅ ትላለች፣ ጣቶቿ አንሶላውን ይጨብጣሉ፣ አጥፋው ይለዋል ቴክኒሻኑን፣ ማሽኑ ነው እኮ ዶክተር፣ አጥፋው አልኩህ፣ ማይክሮፎኑን ይስባል፣ እኔ ነኝ፣ እዚሁ ነኝ፣ አትንቀሳቀሺ እንጂ ተንፍሺ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ይንኳኳ፣ ይነሣል፣ ይወርዳል፣