ለደረጃ የተላክን ሽማግሌዎች

ልጆቼ፣ በጄፒ መንገድ ስታልፉ ቀና ብላችሁ ሕንፃ አታዩም። አልፈርድባችሁም፤ እዚህ የስደት ከተማ ሰው ኪሱን ነው የሚያየው። እኔም መጋረጃ የምሸጥበትን ሕንፃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ያየሁት በኮሮና ጊዜ ነው።

ድሮ የሐኪሞች ሕንፃ ነበር ይላሉ። ፊቱ ላይ ፀሐይዋን የሚከፋፍሉ የሲሚንቶ ክንፎች ተደርድረዋል። ውስጡ እየዞረ የሚወጣ ሰፊ ደረጃ አለ፤ በየዙሩ መስኮት። ከቤት አትውጡ የሚለው ሎክዳውን ላላ ብሎ ሱቅ ስንከፍት፣ ፊታቸው በቆርቆሮ በታፈነ ጎረቤት ሕንፃዎች ውስጥ ሰው ማስኩን እያወለቀ አየር ይለምናል። እኛ ጋ ነፋሱ በደረጃው ሽቅብ ይወጣል። ያኔ፣ “ይህን የሠራ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳንባ ያላቸው ሰዎች እንደሚገቡበት ያውቅ ነበር” አልኩ።

ታዲያ ሕንፃውን ከአያቱ የወረሰው ወጣት የሕንፃውን ፊት በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሊሸፍን፣ ደረጃውን አፍርሶ ሱቅ ሊሸነሽን ተነሣ።

“ሽማግሌ እንላክበት” አልኩ።

ብርድ ልብስ ሻጩ ሀቢሶ ሳቀ። “እማማ አሰፋሽ፣ ደረጃ ልናጭ ነው?”

“አዎ!”

“ደግሞ ሴት ሽማግሌ አለ እንዴ?”

“ዛሬ አለ። ቅደም፣ እንግሊዝኛው ያንተ ነው።”

ቢሮው ስንደርስ ወጣቱ ወንበር አሳየን። “ማማ፣ ይቀመጡ።”

“ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም በለው።”

ሀቢሶ አንድ ነገር አጉተመተመ። ወጣቱ በሐዘኔታ እግሬን አየ።

“ምን አልከው?”

“ጉልበቷን ያማታል፣ መቀመጥ አትችልም።”

“አንተ ውሸታም! እንዳልኩት ንገረው።”

ነገረው። ወጣቱ ትከሻውን ሰበቀ። “አስቀያሚ ሲሚንቶ እኮ ነው፤ ማን ያየዋል? ካልወደዳችሁ ሌላ ሕንፃ ሞልቷል።”

“ልጄን አልሰጥም ያለ አባት አይቻለሁ” አልኩት በሀቢሶ አስተርጓሚነት፣ “ሌላ ሴት ሞልታለች ያለ ግን አላየሁም።”

“እሺ፣ ላስብበት።”

“ቆመን እንጠብቃለን።”

ስልክ አነሣ፣ ዘጋ። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ፤ መልሼ ገፋሁለት። ጉልበቴ አሁን የእውነት ያመኝ ጀመር፤ ለሀቢሶ ግን አልነገርኩትም። በመጨረሻ ወጣቱ ራሱ ብድግ አለ። “ምን ላድርግላችሁ?”

“ደረጃውን በእግርህ ውጣው።”

ሁልጊዜ በሊፍት ነበር የሚወጣው። ከኋላው እያለከለክን ተከተልነው። ሦስተኛው ዙር መስኮት ጋ ሲደርስ ነፋሱ ሸሚዙን ነፋው። ቆመ።

“ይሄ ነፋስ ከየት ነው የሚመጣው?”

“ከምትሸፍነው በኩል” አልኩት።

ውጭ መሰርሰሪያ ይጮሃል፤ ቆርቆሮ የሚመቱት ሠራተኞች ለካ ከግራ በኩል መሸፈን ጀምረዋል። ወጣቱ ክንፎቹን ትንሽ አያቸውና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ “አቁሙ!” ብሎ ጮኸ። ወደ እኛ ዞረ። “ደረጃው አይፈርስም። ከፊቱም ያልተሸፈነው እንዳለ ይቆይ።”

“የተሸፈነውስ?”

“ማማ፣ ቆርቆሮው ተመትቷል እኮ!”

ሕንፃችን አንድ ዓይኑ እንደታሰረ ሰው ሆኖ ቀረ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል።

ሀቢሶ ላቡን ጠረገ። “ተፈጸመ ማለት ነው?”

“ለደረጃው ተፈጽሟል። ለታሰረው ዓይኑ ሰኞ እንመለሳለን። ምቹ ጫማ አድርገህ ና።”