እመቤት ፍሬን ያጣች ዕለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም በሩ ላይ የቆምከው፣ ግባና ተቀመጥ፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ወሬውን ግማሹን ጥሎት ነው የሚሄደው። የማወራችሁ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ አማቱና ስለ አሮጌ መኪናው ነው። ሰው ይሞት ይሆን ብላችሁ ከአሁኑ አትጨነቁ፤ ማንም አይሞትም። የሚጎዳው አንድ ክምር አሸዋ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ስልሳን ሊደፍን ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ ሰው ነበር። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ያጠልቀዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ማታ ሊተኛ ሲል ከአንገቱ ላይ አውጥታ፣ ጠቅልላ ራስጌ የምታስቀምጥለት ሚስቱ ናት። ይህን ሜትር ልብ በሉልኝ።

መኪናዋን የወረሳት ከአባቱ ነው። ዕድሜዋ ከትዳሩ ይበልጣል፤ ቀለሟም አረንጓዴ ነበርኩ ብላ ራሷ ካልተናገረች በቀር አይታወቅም። «እመቤት» ብሎ ይጠራታል። ሚስቱ የሂሳብ መምህርት ናት፤ ይህ ስም አልተዋጠላትም።

«በአንድ ቤት ሁለት እመቤት አይኖርም» ትለዋለች። «ሲደመር የሚመጣው ጠብ ነው።»

«አንቺም እመቤት፣ እሷም እመቤት፤ አሽከሩ እኔ። ታዲያ ምን ጎደለብሽ?» ይላታል እሱ።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ከመሪው ጀርባ ከተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች ቀይዋ በራች። ቀድማ ያየቻት መምህርቷ ናት።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የፍሬን መብራት ናት።»

«ምን ሆና በራች?»

«እርጅና ነው። ሰውም ሲያረጅ ዓይኑ ይቀላል።»

መምህርት አይደለች? ከዚያን ዕለት ጀምራ መቁጠር ያዘች። መኪና ውስጥ በገባች ቁጥር «ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው»፣ «ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው» ትላለች። በአስራ ሁለተኛው ቀን ከኋላ ጎማው ስር የረጠበ ነገር አይታ ባሏን ጠራችው።

«ውሃ ነው» አለ፣ ጎንበስም ሳይል።

በጣቷ ነክታ አፍንጫው ስር አቀረበችለት። «ውሃ እንዲህ ያሙለጨልጫል? እንዲህስ ይሸታል?»

«እመቤትን ከእኔ በላይ አታውቂያትም» አላትና ወደ ሱቁ ሄደ።

በነጋታው ያደረገውን ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ጋራዥ ይሄዳል፣ ወይ ዝም ብሎ ይነዳል። እሱ ግን ልብስ ሰፊ ነው። ከጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል ጥቁር ከፋይ መረጠ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ቆረጠ፤ ጠርዟን ዙሪያውን ዘመዘመና በቀይዋ መብራት ላይ በማስቲሽ ለጠፋት። ሥራው እንከን አልነበረውም። አንዲት የተረፈች ክር አትታይም።

መምህርቷ መኪና ውስጥ ገብታ ከፋዩን አየችው። ብዙ አየችው።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችውም። እሱም አስራ አንድ ሌሊት ሜትሩን ከነአንገቱ ይዞ ተኛ።

አሁን አማቱን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ይላቸዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ይዞት ከጥላ በቀር ብዙም አያዩም። ምላሳቸው ግን ማር ነው። በዚያ ቤት ኩርፊያ ሥርዓት ነበረው፦ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ቃል የሚያመላልሱት እማማ ናቸው። ማመላለስ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ፤ የመረረውን ተቀብለው፣ አጥበውና አለስልሰው ነው የሚያደርሱት። ባል «ያቺ ደረቅ ልጅዎ ቁልፌን የት ጣለችው በሏት» ሲል፣ እማማ ጓዳ ገብተው «ልጄ፣ ቁልፉን አፋልጊኝ፣ ያላንቺ ዓይን አይሆንልኝም ይላል» ይላሉ። ልጅ «ዓይን ካለው ይፈልግ» ስትል፣ ሳሎን ተመልሰው «ከእኔ ይልቅ ያንተ ዓይን ይሻላል ትልሃለች» ይላሉ። ሃያ ስምንት ዓመት ያ ትዳር በዚህ እጥበት ነው የቆየው። ማንም አልተጎዳበትም። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ማለቴ ነው።

በዚያች ጠዋት እማማ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው። ከፊት፣ ከልብስ ሰፊው ጎን ተቀመጡ። ኩርፊያዋ እንዳለ ሆኖ፣ እናቷን ብቻቸውን የማትልክ ልጅ ናትና መምህርቷም ከኋላ ገባች፤ የተማሪ ደብተር በጉልበቷ ላይ ከምራ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። የኋላው መስኮት ከተከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አይዘጋም። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ያፏጫል።

ከሰፈራቸው ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ግራና ቀኙ ቤትና ሱቅ፤ ከታች ጫፉ ላይ ትልቁ መንገድና የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። በዚያ ሰዓት ፌርማታው ላይ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፤ ወደ ሥራ የሚሄድ፣ ልጅ ያዘለ፣ ጋዜጣ የዘረጋ።

ቁልቁለቱን ጀምረው፣ በሦስተኛ ማርሽ ሲወርዱ፣ አንድ ውሻ መንገዱን አቋረጠ። ልብስ ሰፊው ፍሬን ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ገባ። ምንም የያዘው ነገር የለም፤ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ የረገጠ ነው የመሰለው። ውሻው በራሱ ጥረት ተረፈ።

ደግሞ ረገጠ። ቶሎ ቶሎ እያከታተለ፣ እንደ ስፌት መኪና መርገጫ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ረገጠ። እንዲህ ሲያደርጉት አንዳንዴ የተረፈች የፍሬን ዘይት ካለች ትንሽ ይይዛል። አልያዘም።

የእጅ ፍሬን አለ። እሱ ግን ዝጎ የሚሳበው በሁለት እጅ ነው፤ የልብስ ሰፊው እጆች ደግሞ አንዱ መሪው ላይ፣ አንዱ ማርሹ ላይ ናቸው። የእማማ ጉልበት አይበቃውም፤ ሁለት ትርፍ እጅ ያላት ከኋላ የተቀመጠችው ናት። ለእሷ «ፍሬን የለም» ማለት ደግሞ «ልክ ነበርሽ» ማለት ነው። ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ይህቺን ቃል ለመዋጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔም ከወንድ ስለምቆጠር አውቀዋለሁ። ስለዚህ የለመደውን አደረገ።

«እማማ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ፍሬን የለንም። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ትሳበው በሏት።»

እማማ ወደ ኋላ ዞሩ። አትፍረዱባቸው፤ የሃያ ስምንት ዓመት ልማድ ነው።

«ልጄ» አሉ በዚያ ማር ድምፃቸው፣ «መኪናዋን ትንሽ ድካም ቢጤ ሳይሰማት አልቀረም። ሲመችሽ እጅሽን ብታውሽው ደስ ይለዋል።»

መምህርቷ ከደብተሩ ቀና አላለችም። «ከደከማት ያሳርፋት በይው።»

እማማ ወደ ፊት ዞሩ። «እሺ ብላለች። አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ ትልሃለች።»

ልብስ ሰፊው ፍሪሲዮን ረግጦ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ እንደሚታረድ በሬ አጓራ፤ መኪናዋ ወደ ፊት ተንጠራውዛ ትንሽ ቀዘቀዘች። ትንሽ ብቻ። ከፊታቸው አንድ ሰው ጋሪ ይገፋል። የእመቤት ክላክስ ደግሞ የምትጮኸው ወደ ግራ ስትታጠፍ ብቻ ነው፤ መንገዱ የሚታጠፈው ወደ ቀኝ ነው።

«እማማ፣ መንገድ ያስለቅቁልኝ!»

እማማ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ይቅርታ ልጆቼ! እንለፍ አንዴ! እግዜር ይስጥልኝ!» እያሉ ለሚታያቸው ጥላ ሁሉ ተናገሩ። ባለጋሪው ዘሎ ወደ ዳር ወጣ። እማማ አንድ የመብራት ምሰሶንም ይቅርታ ጠይቀዋል።

በዚህ ጊዜ ፌርማታው ታየ። ሰልፉ ታየ። ጋዜጣ የዘረጋው ሰውዬ ገጽ ሲገልጥ ታየ። ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ያለው ሜትር እንደ ገመድ ተሰማው።

«ልክ ነበርሽ!» ብሎ ጮኸ።

ከኋላ እስክሪብቶው ቆመ። «ምን አልክ?»

«ልክ ነበርሽ!»

«እሱን ሰማሁ። ለምንድን ነው ያልከው?»

«ፍሬን የለም!»

ደብተሮቹ ወለሉ ላይ ፈሰሱ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል እስከ ወገቧ ገባች።

«እንዴት ልሳበው?»

«በሁለት እጅሽ! ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ አትልቀቂያት! ደግሞ ባንዴ አትመንጭቂው፣ ጎማው ቀጥ ይልና ያዞረናል! እንደ ተያዘ ዚፕ አድርገሽ፤ ሳብ፣ ለቀቅ!»

«ዚፕ ስስብ አይተኸኝ አታውቅም? ሁልጊዜ እኮ ነው የምበጥሰው!»

«ዛሬን ብቻ አትበጥሽው!»

«አንድ» አለች መምህርቷ፣ ሳብ አድርጋ ለቀቀች። «ሁለት።» መኪናዋ ከኋላዋ ተጎተተች። «ሦስት።» የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ልብስ ሰፊው ይህን አይቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ አለቀሰ። ግን ሩጫው ሶምሶማ ሆነ።

ከፌርማታው በላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ብሎኬት የሚሠራበት ግቢ ነበር። አጥር የለውም። አንድ ትልቅ የአሸዋ ክምር እግሩን እስከ አስፋልቱ ዘርግቶ ተኝቷል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ላይ መቀስ እንደሚያስገባ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል መሪውን ወደዚያ ያዘ።

«አስራ አንድ» ስትል ገቡበት። እመቤት እስከ መብራቶቿ ተቀበረች፤ ሞተሯም እፍ ብሎ ጠፋ። ጸጥ አለ። አሸዋ በመስኮቱ ገብቶ በእማማ ነጠላ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«ደረስን?» አሉ እማማ።

ብሎኬት ሠሪው ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነበር። የጎረሰውን ዋጠ። ተነሥቶ መጣና በልብስ ሰፊው መስኮት አጎነበሰ።

«አሸዋ ነበር የፈለጋችሁት?»

«የለም» አለ ልብስ ሰፊው። «መቆሚያ ነው።»

«እሱን አንሸጥም» አለ ብሎኬት ሠሪው። ክምሩን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይገርማችኋል፣ ሰፈርተኛው አሸዋህን ከመንገድ አንሳ እያለ ወር ሙሉ ጨቀጨቀኝ። ነገ ነገ ስል ይኸው።»

ልብስ ሰፊው ፊቱ በራ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «አየሽ፣ አንዳንዴ እኮ ሰው ምክር ባይሰማ...»

መምህርቷ አየችው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እስከ ዛሬም አልጨረሰውም።

መካኒክ ተጠርቶ መጣ። ከኋላ ጎማው ስር ተንጋሎ ገባና ጥቂት ቆይቶ ከዚያው ሆኖ ተናገረ። «እዚህ ውስጥ የፍሬኑን ዘይት የምታግደው የላስቲክ ቀለበት ተበልታ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ሲያፈስ ከርሟል። መብራቷ አልበራችም እንዴ?»

ባል ጫማው ውስጥ የገባውን አሸዋ ያራግፍ ጀመር። ሚስት የፈሰሱትን ደብተሮች ትለቅም ጀመር። መቼም መልስ ያላገኘ ጥያቄ እማማን ያስጨንቃቸዋል።

«በርታ ነበር ልጄ» አሉ። «ብርድ እንዳይነካት ብሎ ከፋይ አለበሳት እንጂ።»

መካኒኩ ከመኪናዋ ስር ለመውጣት ጊዜ ወሰደ። ሲወጣም ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

ልብስ ሰፊው ገብቶ ከፋዩን በጥፍሩ ላጠው። ከስሩ ቀይዋ መብራት እንደበራች አለች። ያንን ሁሉ ቀን፣ በጨለማ፣ ለማንም ሳትታይ ስትናገር ነው የከረመችው።

«ሃያ አራተኛ ቀኗ ነው» አለች መምህርቷ። ከዚያም እጇን ዘረጋች። እሱ ከፋዩን የጠየቀችው መስሎት አቀበላት። እሷ ግን ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አወጣችው፤ እዚያው አሸዋው ላይ ቆማ፣ ገና በጠዋቱ፣ ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«አሁንስ ምን ልበልልሽ?» አሉ እማማ።

«ምንም አትበይልኝ እማዬ። ራሴ እለዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አንድ አዲስ ደንብ ወጣ፦ ሰው ቢኮራረፍም፣ ስለ መኪና፣ ስለ እሳትና ስለ ሕመም የተነገረ ቃል አይታጠብም፤ እንደወረደ ይደርሳል። እማማ ለመልመድ ተቸግረው ነበር። በሌላ ቀን ሐኪሙ ዘንድ ታክመው፣ ዓይናቸው ተገልጦላቸው ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት እመቤትን ነው። «ይህቺን ነው እንዴ ስትጣሉባት የኖራችሁት?» አሉ። ይህን አላጠቡትም።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራ ግን ሁልጊዜ አሸዋ ይዞ አይመጣም። እናንተ ልጆቼ፣ መንዳት የምትችሉም የማትችሉም፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላችኋለሁ። ከጎናችሁ ያለ ሰው «ቀይዋ በርታለች» ሲላችሁ፣ መርፌና ክር ከማንሳታችሁ በፊት ያንን ልብስ ሰፊ አስታውሱት።