ለጨዋነት የተሳለ ሦስት ማዕዘን

በጃፓን ኦኖሚቺ ወደብ ባለው የጀልባ ድርጅት ያለ ሦስት አማራጭ የሚወሰን ነገር የለም። መጥረጊያ ሲገዛ እንኳ ሦስት ስም በሰንጠረዥ ይደረደራል፤ ጥሩ ለሆነው ክብ፣ ለደህናው ሦስት ማዕዘን፣ ለማይረባው ኤክስ። ከዚያ ሁሉም ቀይ ማኅተሙን ይመታበታል። ሳዬ ሙናካታ ይህን ልማድ ከልቧ ትንቀዋለች።

የቲኬት ድረ ገጹን ስምንት ዓመት የጻፈችው እሷ ናት፤ ያውም ሺዙኩ በሚባል፣ ተጠቃሚዎቹ ቢሰበሰቡ አንድ ኑድል ቤት በማይሞሉ የፕሮግራም ቋንቋ። ገጹ ያረፈበት አሮጌው ሰርቨር በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ገጹ እስከዚያ ማደሪያ ካላገኘ ተጥሎ የተዘጋጀ ገጽ ይገዛል፤ የስምንት ዓመት ድካሟም አብሮ ይቀራል።

ሺዙኩን የሚያስተናግድ ኩባንያ በአገሩ አንድ ብቻ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ የኮድ መጻፊያ ሶፍትዌርም አንድ ብቻ። ሳዬ ለሁለቱ ክብ ሰጠች፤ በየዘርፉ ሦስት እንዲሞላ የጨመረቻቸውን አራቱን በኤክስ ሞላችና ወረቀቱን ለክፍል ኃላፊዋ ለኩሬባያሺ ሰጠች።

ኩሬባያሺ ቅር እንዳለው ሰው በጥርሱ መሃል አየር ሳበ።

«ሙናካታ ሳን፣ ይሄማ ስድብ ነው እኮ። የኩባንያዎቹ ሰዎች ቢያዩት ምን ይላሉ?»

«አይሠራባቸውም እኮ፣ ኃላፊ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሦስት ማዕዘን ብታደርጊው ምን ይጎድልብሻል? ክቡ እንደሆነ ያንቺው ነው፣ ማን ይነካብሻል?»

«እሺ» አለች፣ በሆዷ «አንተ ልፍስፍስ» እያለች። ከዚህ ሰውዬ ጋር መከራከር ታክቷት ነበር። አራቱንም ለወጠችና ማኅተሟን መታች።

ወረቀቱ ስድስት ማኅተም ሰብስቦ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። ይህ ሰው ኢሜይሉን በወረቀት አሳትሞ የሚያነብ ነው። ሦስት ማዕዘን ካገኙት ኩባንያዎች የአንዱ ሻጭ ግን በየሐምሌው የስጦታ ሜሎን ይልክለታል። የመረጠው የዚህን ሻጭ ኩባንያ ነው፤ መጻፊያውንም ፊደሉ ትልልቅ የሆነውን መረጠ። ሳዬ ስትሰማ ውሉ ተፈርሟል።

እየሮጠች ገባች። «እዚያ እኮ አይሠራም፣ ጌታዬ። ጨርሶ አይነሳም።»

«እንዴ፣ ወረቀቱ ደህና ነው ይላል እኮ።»

«ኤክስ ነበረ።»

«ታዲያ የታለ?» አለና ወረቀቱን አዙሮ ሰጣት። «አይሆንም ብትዪ ኖሮ ማን ይነካው ነበር? በይ የተዘጋጀ ገጽ ፈልጊልን። ሦስት አማራጭ አምጪ።»

ሳዬ ወረቀቱን ተቀበለች። ስትንቃቸው የኖረችው ማኅተሞች ተሰልፈዋል፤ መጀመሪያ የተመታው የራሷ ነው።