ባለ ሰባ ስምንት ጃንጥላዋ ወፍ

ወፏ ከባቡር ድልድዩ ሥር ስትደርስ አንገቷ አላልፍ አለ።

ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ፣ በጭነት መኪናው ላይ በተሠራችው ወፍ ሆድ ውስጥ ገመድ ጨብጣ የቆመችው ልብስ ሰፊ ተንገዳግዳ ከአንድ ቢጫ ጃንጥላ ጋር በአፍንጫዋ ተሳለመች። ሰፈሩ እትዬ መርፌ ይላታል፤ መርፌ ከእጇ ስለማይጠፋ፣ አንደበቷም ሲያስፈልግ ስለሚወጋ። ክንፉን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ" አለ ሾፌሩ፤ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። "ድልድዩ ዝቅ ብሏል።"

"ድልድይ ከመቼ ወዲህ ነው ዝቅ የሚለው?"

"እንግዲያው እኛ ከፍ ብለናል፣ እትዬ።"

እትዬ መርፌ ከጭነት መኪናው ላይ ዘላ ወረደች። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት እንደማትዘል ትዝ ያላት መሬት ከነካች በኋላ ነው። ሰዓቱ ሦስት ተኩል አልፏል። አራት ሰዓት ላይ የአደባባዩ መግቢያ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ወፍም ይሁን ዝሆን፣ ውጭ ቀረ።

በከተማዋ በየዓመቱ አንድ ቀን እያንዳንዱ ሰፈር አንድ መኪና አስጊጦ ለበጎ አድራጎት ይወዳደራል። መኪኖቹ በሰልፍ አደባባዩን ይዞራሉ፤ ሕዝቡም ደስ ባሰኘው መኪና ላይ በተሰቀለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሳንቲም ይከታል። በመጨረሻ ሳጥኖቹ ሚዛን ላይ ይወጣሉ እንጂ ገንዘቡ አይቆጠርም። የከበደው አሸነፈ። ደንቡን ያወጡት የድሮ ሰዎች የድሃ ሳንቲም ከሀብታም ወረቀት እንዲበልጥ ፈልገው ነው ይባላል። የሁሉም ሳጥን ገንዘብ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ታዲያ ያሸነፈው ሰፈር ነው።

ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው የላይኛው መንገድ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ብልሃቱ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው ለደንበኛ መልስ የሚሰጠው በሳንቲም ብቻ ነው። "የሰልፉ ቀን ታስቡኛላችሁ" እያለ የከተማውን ኪስ ሁሉ ያከብዳል። ዘንድሮ ካሸነፈ ገንዘቡን ለኳስ ሜዳው አጥር እንደሚያውለው ከወዲሁ ተናግሯል።

የእትዬ መርፌ ሰፈር የሚፈልገው ለጤና ጣቢያው የኦክስጅን መሣሪያ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት፤ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ባሏን፣ ጃንጥላ ጠጋኙን፣ ትንፋሽ ባጠረው ቀን በሳንቃ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱት የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

የወፏ ላባም የእሱ ነው። ሲሞት በሱቁ ጓዳ ሰባ ስምንት ጃንጥላ ቀርቶ ነበር፤ ተጠግኖ፣ ተጣጥፎ፣ ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ። ስም መያዝ የማይችል ሰው ስለነበር፣ በየእጀታው ላይ በክር ያሰረው ወረቀት "ቀይ ኮት ለባሿ"፣ "መንታ ያላት"፣ "የሚያስነጥሰው" ይላል። አንዱን ልሽጠው ስትለው "ባለቤቱ ይመጣል" ይላት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን አራገፈች እንጂ ለማንም አልሰጠችም። ዘንድሮ ሰፈሩ ተሰብስቦ በባዶ ኪስ ምን እንሥራ እያለ ሲነታረክ "ላባ አለኝ" አለች። ከዚያ አናጢው ወረቀትና እርሳስ አወጣ።

አሁን አናጢው ድልድዩን ሽቅብ እያየ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። ሜትር ስለማይወድና ሁሉን በእጁ ስለሚለካ ስንዝር የሚሉት ሰው ነው።

"ለክቻለሁ" አለ። "መኪናውን እዚሁ አቁመን፣ ከወለሉ እስከ ድልድዩ ሆድ በገመድ ለክቻለሁ። ማክሰኞ ነው፤ ይሄው ሾፌር ምስክሬ።"

"በስንት በለጥን?" አለች እትዬ መርፌ።

ስንዝር መኪናው ላይ ወጥቶ የወፏን አናት ከድልድዩ ጠርዝ ጋር አስተያየ። "በአራት ጣት።"

"ባንተ ጣት ወይስ በሰው?" አለ ሾፌሩ።

"ዝም በል አንተ። አንገቷን እንቁረጥ?"

"አንገቷ እኮ ፌሮ ነው። መጋዝ ይዘሃል?"

"እንግዲያው ጎማውን እናስተንፍሰው።"

"ከዚያ በማን አፍ ልትነፋው?"

ከኋላ ክላክስ ተንጫረረ። ቤት የሚያህል ዳቦ የተሸከመ መኪና ጠባቡን መንገድ ሞልቶ ቆሟል፤ ከመስኮቱ የዳቦ ጋጋሪው ክብ ፊት ብቅ አለ።

"መርፌ፣ ወፍሽ እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ እዚህ?"

እትዬ መርፌ ዓይኗን ከድልድዩ አልነቀለችም። ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲለካ ሌላ፣ ሲለብስ ሌላ መሆኑን ነው። ደንበኛ ሜትር ሲያይ ሆዱን ያስገባል። ሱሪውን ሲለብስ ይለቀውና ጠበበኝ ብሎ ይጣላታል።

"ማክሰኞ መኪናው ምን ጭኖ ነበር?" አለች።

ሾፌሩ ወደ መኪናው ዞሮ አየ። "አሸዋ" አለ ቀስ ብሎ። "እስከ አፍ ገደፉ።"

ስንዝር ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አየ። ያን ቀን አሸዋ ተጭኖት የተኛው ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ ዛሬ ጨርቅና ሽቦ ብቻ ቢሸከም እንደ ተቆጣ ድመት ጀርባ ጎብጦ ቆሟል። "በጭነት ለክቼ በባዶ አመጣኋችሁ" አለ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

"አሁን አሸዋ ከየት ይምጣ?" አለ ሾፌሩ።

እትዬ መርፌ የመንገዱን ዳርና ዳር አየች። ሰልፉን ሊያይ የወጣው ሰፈር በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ አሸዋ ምን ይሠራል?" አለች። መኪናው ላይ ተመልሳ ወጣችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የሰፈሩን ወገብ አንድ በአንድ በቃሏ ታውቀዋለች። "መቶ አሥር፣ ና። ከጎኑ ያለኸው መቶ ሃያ፣ አንተም። ዘጠና ስምንት፣ ወዴት ነው የምትደበቂው?"

"ኧረ እትዬ ቀስ ይበሉ፣ ባሌ የሚያውቀኝ ዘጠና ነው።"

"እሱም ይምጣ፣ መቶ አራት ነው።"

ሳቅ ተነሳ፤ ሰው መጉረፍ ጀመረ። በወፏ ሆድ፣ በጅራቷ ሥር፣ በተጣጠፉት ክንፎቿ መሐል እየተጎናበሱ ገቡ። አንዷ ከነገበያ ዘንቢሏ ወጣች፤ ድንችም ክብደት ነው አለች። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ደንበኛውን ከነፎጣው ይዞት መጣ።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል ነበር" አለ ሾፌሩ፣ ሰው በክንዱ እየሳበ። "ዛሬ ሃምሳው ሰው ራሱ ሎሚ ሆነ።"

ባሌስትራው ተንቋቋ። ስንዝር በደረቱ ተኝቶ ይቆጥራል። "ሦስት ጣት... ሁለት... አንድ ጣት ቀረ። አንዲት ጣት።"

መንገዱ ዳር የቀረ ሰው የለም። ሰዓቱ ለአራት አሥራ ሁለት ጉዳይ። እትዬ መርፌ ወደ ኋላ ዞረች።

"ጋሽ ዳቦ፣ እርስዎ መቶ አርባ ሁለት ነዎት።"

"መቶ ሠላሳ ስምንት።"

"ሱሪዎን የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ዳቦ ጋጋሪው ሰዓቱን አየ፤ የመንገዱን ጥበት አየ፤ ወፏ ካላለፈች ዳቦውም እንደማያልፍ ገባው። ከመኪናው ወርዶ ሱሪውን ሳብ አደረገ። "ለመንገዱ ብዬ ነው፤ ለወፏ እንዳይመስልሽ" አለና ስድስት ሰው ጎትቶ አወጣው። መኪናው እንደ ደከመው ሰው እህ ብሎ ተቀመጠ።

"ንዳው" አለ ስንዝር።

መኪናው ገና መሄድ እንደ ጀመረ ሕፃን ቀስ ብሎ ገባ። ከድልድዩ ሥር ጨለም አለ። ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ያዘ፤ "ሆድ የሚያስገባ እንዳይኖር" አለች ባለ ድንቿ በሹክሹክታ፣ ሳቅ ደግሞ ሊያፈነዳቸው ደረሰ። የወፏ ጉትዬ የባሏ የራሱ ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ጫፉ የድልድዩን ሆድ ጫር፣ ጫር ሲያደርግ እትዬ መርፌ ጥርሷን ነክሳ አዳመጠች። ከዚያ ብርሃን ሆነ።

እንዴት እንደተራገፉ ማንም አያስታውስም። ግማሹ ወርዶ ሮጠ፣ ዳቦ ጋጋሪው ወደ ዳቦው ተመለሰ፣ ሾፌሩ ክላክሱን ሳይለቅ ዳገቱን ወጣ። መግቢያው ላይ የቆመችው አስተናባሪ ገመዱን በእጇ ይዛ ልትዘጋ ስትል ወፏ በፊቷ አለፈች፤ ዳቦውም ጭራዋን ነክሶ ገባ።

አደባባዩ ጢም ብሏል። እትዬ መርፌ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች። ይህን ገመድ እስከ ዛሬ ስባው አታውቅም፤ ስንዝር እንሞክረው ባለ ቁጥር ነገ፣ ነገ ስትል ቆይታለች። ሳበችው።

ሰባ ስምንት ጃንጥላ ባንድ ጊዜ ተከፈተ። ድምፁ አንድ መቶ እርግብ ከጣሪያ የተነሳ ይመስል ነበር። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አበባ የታተመበት፣ ዳንቴል የተሰፋበት ክንፍ ሆኖ በሕዝቡ ራስ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ አንዲት ቀይ ኮት የለበሰች ሴት እጇን ቀሰረች።

"ያቺ ሰማያዊዋ የኔ ናት።"

"ግራጫውማ የኔ ነው" አለ ከወዲያ አንድ ሽማግሌ።

እትዬ መርፌ በክንፉ መሐል ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አነበበች። "ምልክትዎ ምንድን ነው አባቴ?"

ሽማግሌው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሦስት ጊዜ አስነጠሰ።

"የእርስዎ ነው" አለች። "ከሰልፉ በኋላ ይወስዱታል። አሁን በሳጥኑ በኩል ይለፉ።"

ወሬው አደባባዩን ዞረ። ጃንጥላ የነበረው ሊያውቀው፣ ያልነበረው ሊያይ ተጋፋ፤ ባዶ እጁን የመጣ ግን አልነበረም። የአንድ ወር የዳቦ መልስ ከየኪሱ እየተዛቀ እንደ በረዶ በቆርቆሮው ላይ ወረደ።

ሚዛኑ ላይ መጀመሪያ የወጣው የዳቦው ሳጥን ነው፤ ቀስቱ ሩቅ ሄደ፣ የላይኛው መንገድ አጨበጨበ። የወፏን ሳጥን ሾፌሩና ስንዝር ለሁለት አነሱት። ቀስቱ ዳቦው የደረሰበት ደረሰ። ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አለፈው።

"ከኔ ሱቅ የወጣ ሳንቲም እኮ ነው" አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ለማንም ሳይሆን።

"እግዜር ይስጥልን፣ ጋሽ ዳቦ" አለች እትዬ መርፌ።

አስተናባሪዋ ድምፅ ማጉያውን ሰጠቻትና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል እንድትናገር ጠየቀቻት። ወረቀት አዘጋጅታ ነበር፤ አላወጣችውም። "ለጤና ጣቢያው ኦክስጅን" አለችና ማጉያውን መለሰችላት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ወረቀቱን እያነበበች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ሰጠች። ፀሐዩ ሲበርድ ወፏ ፌሮና ሽቦ ብቻ ሆና ቀረች፤ አናቷ ላይ ያንን ጥቁሩን ይዛ። እሱን የጠየቀ አልነበረም።

"አሁን ደግሞ ከጧቱም ቀለናል" አለ ስንዝር መንገድ ሲጀምሩ። "ድልድዩን ረሳችሁት?"

እትዬ መርፌ ወደ ወፏ ሆድ ስትወጣ ቦታዋ ተይዟል። ዳቦ ጋጋሪው ወለሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል።

"ተቀመጪ" አለ፣ ግማሹን እያቀበላት። "መቶ አርባ ሁለት ነኝ።"