የሎዌና ብሎኖች

ዴንዚል ትሬዊን ከጀልባዋ ሆድ ሥር ተንበርክኮ ትናንት የቀባውን ቀለም በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ደርቋል። ከቀለሙ ሥር ያለውን ዝገት ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሎዌና በእንጨት ድጋፎች ላይ ከቆመች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አባቱ ከጦርነቱ እንደተመለሰ እዚሁ ኮርንዎል፣ ከዚሁ ወሽመጥ ዳር በእጁ የሠራት ባለ አንድ ምሰሶ የሸራ ጀልባ ናት። ዴንዚልና ሚስቱ ላቭዴይ አርባ በጋ ባሕሩን ተሻግረውባት ብሪታኒ ደርሰው ተመልሰዋል። የላቭዴይ ግራ ጎን ሽባ ከሆነ ወዲህ ግን ሸራዋን የሰቀለ የለም። አሁን ደግሞ የጀልባ ማቆያው ግቢ ተሸጠ፤ ሰኞ ጠዋት ባዶ መሆን አለበት። ያልተነሣ ጀልባ በሞተር መጋዝ ይቆራረጣል። ባለፈው ሳምንት ባለቤት የሌላቸው ሁለት ጀልባዎች ሲቆረጡ ቆሞ አይቷል። እንጨቱ ዛሬ እንደተፈለጠ ሁሉ ይሸት ነበር፤ እሱን ያመመው ይኸው ሽታ ነው።

«ዛሬም ቀለም? ልጅ ልትድር ነው እንዴ?» አለው ፔራን፣ የግቢው ኃላፊ፣ ከክሬኑ ላይ ሆኖ።

«ገዢ ይመጣል።»

«ይምጣልህ። ብቻ ክሬኑ እጄ ላይ ያለው እስከ ዛሬ ማታ ነው፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

በአምስት ወር ውስጥ የሽያጭ ማስታወቂያውን አይቶ የደወለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ ደረሰ፤ ጆሪ የሚባል ቀጭን ወጣት፣ ከሚስቱ ከኤሎዊን ጋር። ልጅቷ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ጆሪ ከኪሱ ትንሽ መዶሻ አውጥቶ ሳንቃውን አንድ በአንድ እያንኳኳ ዞረ። ሳንቃው ደህና ድምፅ ሰጠ። ኤሎዊን መሰላሉን ስትወጣ ዴንዚል ከሥር ሆኖ «ቀስ፣ ቀስ በይ የኔ ልጅ» ይላታል። ጓዳዋ ውስጥ ገብታ ጠባቧ አልጋ ላይ በጎኗ ተጋደመች።

«ጆሪ! ልጁ እዚህ ጋ ይተኛል» ስትል ተሰማ።

ጆሪ ፈገግ አለ። «ሚስተር ትሬዊን፣ በሰኔ ወደ ብሪታኒ ብንነሣባት ታደርሰናለች?»

ዴንዚል አፉን ከፈተ። መልሱ «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ከንጋት ጀምሮ ሲለማመዳት ነበር። ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ከሆዷ ሥር ያለው ከባድ ብረት ነው፤ ብረቱን የያዙት ደግሞ ሰባት ብሎኖች። አምና አንዱን ነቅሎ አይቶታል። አውራ ጣት ያክል የነበረው መሐሉ ላይ እንደ እርሳስ ቀጥኗል። መልሶ ከተተውና ቀባው። በዚህ ጸጥ ባለ ወሽመጥ ለዓመታት ሊይዝ ይችላል። መሐል ባሕር ላይ ማዕበል ከመታት ግን ብረቱ ይረግፋል፤ ሰው «ኧረ!» ብሎ ሳይጨርስ ትገለበጣለች።

«ብሎኖቹን ዝገት በልቷቸዋል» አለ።

«በስልክ ጠንካራ ናት አላሉኝም?»

«ብዬሃለሁ። ዋሽቼ ነው።»

የጆሪ ፊት ቀላ። «ሁለት ሰዓት ነድተን፣ እሷ በዚህ ሁኔታዋ… ሊያሰጥሙን ነበር እኮ!»

ኤሎዊን ሁሉንም ሰምታለች። ከመሰላሉ ወርዳ ለአፍታ አየችው። «አይጠገንም?» አለች ቀስ ብላ።

«ይጠገናል። ሁለት ወር ይፈጃል። ያለኝ ሁለት ቀን ነው።»

መኪናቸው ከበሩ ሲወጣ ዴንዚል መዶሻውን ሣሩ ላይ አየው። ረስተውታል። አንሥቶ ሊጠራቸው ሲል መኪናው ከዓይኑ ተሰወረ።

ቤት ሲገባ ላቭዴይ መስኮቱ ሥር ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ነበረች። ከሕመሟ ወዲህ ቃላት ከአፏ የሚወጡት እየተጎተቱ ነው።

«ወደዷት?»

«ወደዷት።»

«ታዲያ?»

«ልጅቷ እርጉዝ ናት፣ ላቭ።»

ባሏን ታውቀዋለች፤ ልጅቷን ማታለል እንዳልቻለ ገባት። ሾርባዋን ሊያጎርሳት ያነሣውን ማንኪያ አስቀመጠና አምስት ወር የደበቃትን ነገራት። ግቢው መሸጡን። ሰኞን። መጋዙን።

«አንተ ጅል» አለች ላቭዴይ። «ባሕሩ ስንት ሰዓት ይሞላል?»

«አሥራ አንድ ላይ ግቢው ሥር ይደርሳል። ምነው?»

«ውሃ ላይ አውርዳት፤ ወሽመጡ ውስጥ ትቁም።»

«ሦስት ዓመት መሬት ላይ ቆማ ደርቃለች እኮ። ሳንቃዋ ሁሉ ክፍት ነው። ትሰጥማለች።»

«ምናልባት ትሰጥማለች። መጋዙ ግን ምናልባት የለውም።»

ፔራን ነገሩን ሲሰማ ሳቀ፤ ከዴንዚል ኋላ በተሽከርካሪ ወንበሯ የመጣችውን ላቭዴይን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። «ግቢዬ ውስጥ ከሌለች እኔን አይመለከተኝም» አለና ሞተሩን አስነሣ። «ገመዱን አልፈታም፤ አንጠልጥዬ እይዛታለሁ። ውሃው መሸሽ ሲጀምር ግን ወይ እለቃታለሁ ወይ መልሼ አወጣታለሁ። ያኔ ቁርጡን ንገረኝ።»

ሎዌና በሁለት ሰፋፊ ገመዶች ተንጠልጥላ ወረደች። ዴንዚል ጓዳዋ ውስጥ ሆኖ የወለሉን ሳንቃ አነሣ። ውሃው ወዲያው ገባ፤ መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ በአሥር ቦታ። በባልዲ ይቀዳል፣ ይደፋል፣ ይቀዳል። የደረቀ እንጨት ጠጥቶ እስኪያብጥና ስንጥቁን እስኪዘጋ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ግን የለም። ክንዱ ዛለ፤ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይወጋዋል።

«ዴንዚል! ባሕሩ ማፈግፈግ ጀምሯል!» ጮኸ ፔራን።

ዴንዚል መቅዳቱን አቆመ። እየቀዳ ስንጥቁ መዘጋቱን ማወቅ አይችልም። ካራውን አውጥቶ ከውሃው አንድ ጣት ከፍ ብሎ የጎን እንጨቱ ላይ ጭረት አደረገና ውሃው ያልፈው እንደሆነ ተንበርክኮ ተመለከተ።

«ምን ትላለች?» አለች ላቭዴይ ከውሃው ዳር፣ ባላት አቅም ሁሉ።

ዝም በይ ሲል እጁን በጓዳው በር አወጣ። ውሃው ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ጭረቱ ላይ ደረሰ፤ እዚያው ተንቀጠቀጠ። አላለፈውም። «ፔራን፣ ልቀቃት!» ሲል ጮኸ ዴንዚል።